ተከሳሹ ብርድ

አዲስ አበባ ውስጥ ሐምሌ ከገባ በኋላ ያስነጠሰ ሰው ከማን ጋር እንደዋለ የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው ምን ለብሶ እንደዋለ ነው። «ሹራብህስ?» ይባላል። «አንገትህን ሳትሸፍን ነው የወጣኸው?» ይባላል። ምርመራው በዚሁ ያልቃል፤ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል፦ ብርድ መታህ። ከአጠገቡ ሲያስል የዋለው የሥራ ባልደረባ፣ ምራቁን እየረጨ ሲያወራው ያመሸው ዘመድ፣ አፍንጫውን በመዳፉ ጠርጎ እጁን የዘረጋለት ወዳጅ፣ ሁሉም በነጻ ይሰናበታሉ። ለምስክርነት እንኳ አይጠሩም።

ይህ ብርድ የሚባል ተከሳሽ የማይከሰስበት ወንጀል የለም። ጉልበት ቢቆረጥም እሱ ነው። ሆድ ቢጮህ እሱ ገብቶ ነው። ወገብ ቢያዝ፣ ጥርስ ቢነዘንዝ፣ አንገት አልዞር ቢል ያው እሱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የኩላሊቱ ክስ ነው። ኩላሊት ከጎድን አጥንት ሥር፣ ከጡንቻና ከስብ ኋላ ተሸሽጎ፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ዕድሜውን የሚገፋ አካል ነው። ብርድ በየት በኩል አልፎ እንደሚያገኘው ስንቱን ጠይቄ የሚያስረዳኝ ጠፋ። የማገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሸሚዝህን ወደ ሱሪህ አስገባ!»

እናቴ የዚህ ችሎት ዋና ዳኛ ናት። የክረምት ሕጓ ተጽፎ አልወጣም እንጂ አንቀጾቹን ሰፈሩ በሙሉ በቃሉ ያውቃቸዋል። ገላን ታጥቦ በር ላይ መቆም የለም። ትኩስ ሾርባ ጠጥቶ ወዲያው ደጅ መውጣት የለም። በባዶ እግር ሊሾ መርገጥ የለም። እንጀራ ጋግሮ ከምጣዱ ሥር እንደተነሱ ነፋስ መቀበል ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ቅጣቱም ምች ይባላል። ምች ከተራ ጉንፋን በማዕረግ ይበልጣል። ጉንፋን የያዘው ሰው «ቻለው፣ ይለቅሃል» ተብሎ ይታለፋል። ምች የመታው ግን ይተኛል፣ ይሸፈናል፣ ጎረቤት ተልኮ ዳማከሴ ይቆረጥለታል። ቅጠሉ በመዳፍ ይታሻል፤ ጭማቂው ይሸተታል፣ ግንባር ይቀባል፣ ከቡና ጋርም ይጠጣል። ግቢው ጥግ ላይ ዳማከሴ ያበቀለ ቤተሰብ በክረምት በሩ ሳይንኳኳ አያድርም፤ ቁጥቋጦውም መስከረም ሲጠባ ግንዱ ብቻ ቀርቶ ይገኛል።

ሐኪሞች ስለ ምች ሌላ ታሪክ አላቸው። ምች የመታው ሰው ከንፈር ላይ እንደ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ሥራ ነው ይላሉ። ይህ ቫይረስ አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ አድፍጦ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ትኩሳት ወይም ድካም ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኝ ብድግ ይላል። ስለዚህ ምች ይዞት «ፀሐይ መታኝ» የሚለው ሰው ጨርሶ አልተሳሳተም፤ ፀሐይዋ የተኛውን ቀስቅሳለች። መጀመሪያ ያመጣበት ግን ምናልባት ገና በልጅነቱ «የኔ ጌታ» እያለ አገላብጦ የሳመው ዘመድ ነው። ዘመድን መክሰስ ነውር ስለሆነ ፀሐይ ትከሰሳለች።

ብርድን እውነተኛ ችሎት ፊት ያቆሙት እንግሊዞች ናቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ሳልዝበሪ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካኖች ተክለውት በነበረ የሆስፒታል ሰፈር ውስጥ የጉንፋን ምርምር ጣቢያ ከፈቱ። ሥራው ምንድነው? ጤነኛ ፈቃደኞችን አምጥቶ ጉንፋን እንዲይዛቸው ማድረግ። ነጻ ምግብ፣ ነጻ መኝታ፣ በዚያ ላይ የኪስ ገንዘብ አለ። የዓመት ዕረፍታቸውን እዚያ ለማሳለፍ የሚመላለሱ ሰዎች ነበሩ፤ በኛ አገር ቢሆን ሰልፉ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሆን አስቡት። ክሪስቶፈር አንድሩስ የተባለው ሐኪም ታዲያ የእናቴን ሕግ ሊፈትን ተነሳ። ከፈቃደኞቹ ገሚሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ካወጣ በኋላ እርጥብ የመዋኛ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነፋስ በሚያፏጭበት ኮሪደር ግማሽ ሰዓት ያህል አቆማቸው። ከዚያም እርጥብ ካልሲ አጥልቀው ለሰዓታት እንዲቆዩ አደረገ። ሌሎቹን በምቾት አስቀምጦ አፍንጫቸው ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ አንጠባጠበ። ብርዱንም ቫይረሱንም አንድ ላይ የቀመሱ ነበሩ። ጉንፋን የያዛቸው ቫይረስ የደረሳቸው ናቸው። እርጥብ ካልሲ ብቻውን ማንንም አላሳመመም።

ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። ጨርሳ ሰማችኝና «እንግሊዝ ብርድ ለምዶት ነው» አለች።

እውነት ለመናገር ነገሩ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2005 በዌልስ፣ ካርዲፍ ላይ፣ ሮን ኤክልስ የተባሉ ተመራማሪ ጉዳዩን እንደገና አንቀሳቀሱት። 90 ሰዎችን እግራቸውን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አስነከሩ፤ ሌሎች 90 ሰዎች ደግሞ ጫማና ካልሲያቸውን ሳያወልቁ ባዶ ሳፋ ውስጥ እግራቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። (ባዶ ሳፋ ውስጥ በጫማ 20 ደቂቃ የተቀመጡት ሰዎች ምን እያወሩ እንዳሳለፉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።) በቀጣዮቹ አራት አምስት ቀናት ጉንፋን ያዘን ያሉት ከባዶ ሳፋዎቹ 5፣ ከቀዝቃዛዎቹ 13 ሆኑ። የኤክልስ ግምት እንዲህ የሚል ነው፦ ቫይረሱ ቀድሞ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ አድፍጧል፤ እግር ሲበርደው የአፍንጫ የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ደም ሲቀንስ የአፍንጫው መከላከያ ይላላል፤ አድፍጦ የነበረው ይነሳል። ጉንፋን ከሚያመጡት ከ200 በላይ ቫይረሶች ዋነኛው ራይኖቫይረስም ከሰውነት ሙቀት ዝቅ ባለ፣ ቀዝቀዝ ባለ አፍንጫ ውስጥ እንደሚመቸው ታውቋል። በአጭሩ እናቴ ይግባኝ ብላ በከፊል ረትታለች። ብርድ ዋና ወንጀለኛ ባይሆንም ግብረ አበር ነው። ይህን ግን እስካሁን አልነገርኳትም። ሐምሌ ይለፍ ብዬ ነው።

የኛ ችግር ግብረ አበሩን ስናሳድድ ዋናውን ወንጀለኛ ታክሲ ውስጥ አስቀምጠን በር መዝጋታችን ነው።

ነሐሴ ውስጥ፣ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከአየር ጤና ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ አስቡ። ሰማዩ ተቀዷል። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል፤ አንድ ሰው ይገባል፤ አሁንም «አንድ ሰው!» ይላል። ጃንጥላው በጉልበትና በጉልበት መሃል ይንጠባጠባል። መስኮቶቹ በሙሉ ግጥም ተደርገው ተዘግተዋል። መስታወቱን ያጨፈገገው ውኃ የዝናቡ እንዳይመስላችሁ፤ የዝናቡ ከውጭ በኩል ነው። ከውስጥ ያለው የኛ ትንፋሽ ነው፤ የ16 ሰው ሳምባ ውስጥ ገብቶ የወጣ፣ መስታወት ላይ አርፎ የቀዘቀዘ። አንድ ልጅ በጣቱ ስሙን ይጽፍበታል።

እዚህ መሃል አንዱ ደፋር ተነስቶ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ቢከፍት ከኋላ ወንበር ወዲያው «ወንድም! መስኮቷን እስኪ ዝጋት፣ ብርድ ነው!» ይመጣል። «አየር ይግባ ብዬ ነው» ይላል። «አየር ከፈለግህ ወርደህ በእግርህ አትሄድም?» ይባላል። ገና መልስ ሲፈልግ አንዲት እናት «ኸረ ልጅ ይዣለሁ!» ትላለች፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ልጅ ከያዘች እናት ጋር የተከራከረ በኢትዮጵያ ምድር አሸንፎ አያውቅም። መስኮቷ ትዘጋለች። ያኔ ከጥግ ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው «ሃጺሽ!» ይላል፤ በጋቢው ውስጥ ሳይሆን ለማስነጠስ ሲል ጋቢውን ገልጦ! ታክሲው በአንድ ድምፅ «ይማርህ!» ይለዋል። እሱም በትሕትና «ያኑራችሁ!» ይላል። ምርቃቱ ለእሱ ደረሰው፤ ያስነጠሰው ለኛ ደረሰን። ሜክሲኮ ስንወርድ ብርድ እንዳይመታን አንገታችንን ጠምጥመን እንበታተናለን።

ይህ ለጉንፋን ብቻ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። የሳምባ ነቀርሳም የሚተላለፈው በዚያው በተዘጋ ክፍል አየር ነው፤ ታማሚው ሲያስልና ሲያወራ የወጣው ጀርም ለሰዓታት አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት አለ፦ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፋፊ የሆነ የጥንት ክፍሎች፣ መስኮታቸው ሲከፈት፣ ማሽን ከተገጠመላቸው ዘመናዊ ክፍሎች የተሻለ አየር ይለዋወጣሉ፤ የነቀርሳ መተላለፍ ሥጋትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ማሽኑ ገንዘብ ይጠይቃል፣ መብራት ይጠይቃል፣ ጥገና ይጠይቃል። መስኮት የሚጠይቀው የአስታማሚን ፈቃድ ነው። እሱ ግን አይገኝም። በየሆስፒታሉ ነርሷ ትከፍታለች፣ አስታማሚው ይዘጋል፤ ነርሷ ተመልሳ ስትመጣ አስታማሚው ፎጣ ወትፎበት ይገኛል።

የሚገርመኝ ብርድን እንዲህ የምንፈራ ሰዎች ፍርሃታችንን የምንጥልበት ቀን መኖሩ ነው። ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ነው። ክረምቱን ሙሉ ራሱ ላይ አንዲት ጠብታ ያረፈችበትን ልጅ በፎጣ ስታሽ የከረመች እናት በዚያን ቀን ልብሱን አውልቃ «ውጣ፣ ተጠመቅ!» ትለዋለች። የሰፈር ልጅ ሁሉ ራቁቱን በዝናብ ይጨፍራል። በበረዶም ጭምር ዘንቦ ያውቃል። ብርድ መታው የሚል የለም። ከንጋቱ በፊት እንጦጦ ወጥቶ፣ ጥርስ በሚያንገጫግጭ ጠበል ተጠምቆ፣ ሸሚዙን እርጥብ ገላው ላይ ለብሶ የሚወርደውም ሰው እንዲሁ ነው። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም፤ ከጨፈሩት አንዱ ነኝና። ልብ እንድንል የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ያ ሁሉ ራቁቱን የሚጨፍር ልጅ ደጅ ነው ያለው፤ አየሩ ክፍት ነው፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው።

እንግዲህ ዐሥራ አምስት ቀን ጠብቁ። መስከረም ይጠባል፣ አደይ ይፈነዳል፣ ፀሐይ ይወጣል፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል። በዝናብ ያልታመመው ልጅ በፀሐይ ንፍጡን እያዝረበረበ ከክፍል ይመለሳል፤ በሳምንቱ እናት፣ ከዚያ አባት፣ ከዚያ አያት። አሁንም የሚከሰሰው ብርድ ነው፤ «የመስከረም ብርድ» የሚል አዲስ ፋይል ይከፈትበታል። አንድ ወንበር ላይ አራት ሆነው መቀመጣቸውን የሚያነሳ የለም።

አያቶቻችን ያዩት ትልቁ የጉንፋን ቤተሰብ መቅሰፍትም ዝናብ አልጠበቀም። በዓለም ዙሪያ የስፔን ኢንፍሉዌንዛ የተባለው በሽታ አዲስ አበባን የመታው በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጊዜ ነው። ስሙም የኅዳር በሽታ ሆኖ ቀረ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ክፉኛ ታመው ነው የተረፉት፤ በከተማው ያለቀው ሕዝብ ቀባሪ አጣ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን ከዚያ ዘመን ትዝታ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ አለ። ያኔ የሚነደው ቅጠልና ጭራሮ ነበር፤ ዛሬ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። በሽታን እናባርር ብለን ባጠንን ማግስት ከተማው በሙሉ ያስላል። ይህን ልማድ የሚወድ ሰው ካለ ቢያንስ ፌስታሉን ይተውልን።

ከታመምን በኋላ የምንሠራው ደግሞ ሌላ ወግ ነው። ፋርማሲ እንገባለን። «አሞክሳሲሊን አለ?» አለ። «ማዘዣ?» የለም። «ስንት ፍሬ?» እንደ ኪሳችን። ስድስት ፍሬ እንገዛለን፤ በአራተኛው ሲሻለን ሁለቱን ለሚቀጥለው ክረምት መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጣለን። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም፤ ጉንፋኑ የሚለቀን ቀኑ ስለደረሰ ነው፤ የሚመሰገነው ግን እንክብሉ ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባሰማው ንግግር ይህንኑ በምሳሌ ተናግሮት ነበር። ጉሮሮውን ያመመው አንድ ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ ትንሽ ትንሽ ይወስዳል። ጀርሞቹ አይሞቱም፤ መድኃኒቱን መቋቋም ይማራሉ። ሚስቱ ላይ ያጋባባታል፤ ሚስቱ የሳምባ ምች ይዟት ፔኒሲሊን ሲሰጣት አይሠራም፤ ትሞታለች። ፍሌሚንግ መሳቢያችንን ከፍቶ ያየ ይመስለኛል።

ፋርማሲ ያላዳነው ክሊኒክ ይሄዳል። በክረምት ትኩሳት ይዞ ከሰፈር ክሊኒክ የገባ ሰው ይዞት የሚወጣው ወረቀት ምን እንደሚል እኔ ካሁኑ ልንገራችሁ፦ «ታይፎይድና ታይፈስ»። ሁለቱም፣ አንድ ላይ፣ አንዱም ሳይቀር። ታይፎይድ የሚገባው በአፍ፣ በተበከለ ውኃና ምግብ ነው። ታይፈስ የሚገባው በቆዳ፣ በልብስ ቅማል አማካይነት ነው። መንገዳቸው የማይገናኝ ሁለት በሽታዎች በየክረምቱ በአንድ ሰው ደም ውስጥ ቀጠሮ ይዘው የሚገናኙበት ተአምር የምርመራው ነው። ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል የተባለው ምርመራ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚያየውም ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን ፀረ-አካል ነው። ከዓመታት በፊት የታመመም፣ ሌላ ትኩሳት የያዘውም «አለብህ» ሊባል ይችላል። ይህን ስል ታይፎይድም ታይፈስም የሉም ማለቴ አይደለም። አሉ፤ ለዚያውም ክረምትን ይወዳሉ። አንድ ወረቀት ላይ አብረው ሲመጡ ግን «ዶክተር፣ ከሁለቱ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ታይፈስን ካነሳሁ ሻርል ኒኮልን ሳላነሳ አላልፍም። ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ በቱኒዝ ከተማ የፓስተር ኢንስቲትዩትን ይመራ ነበር። በከተማው ሆስፒታል አንድ ነገር ገረመው። የታይፈስ በሽተኞች መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ያስይዛሉ፤ በር ላይ ልብሳቸውን የሚቀበለውን ሠራተኛም ያስይዛሉ። ገላቸውን ታጥበው የሆስፒታሉን ልብስ ለብሰው ከገቡ በኋላ ግን አጠገባቸው የተኛውን እንኳ አያስይዙም። በበሩና በአልጋው መሃል የቀረው ምንድነው? ልብሱ፤ ልብሱ ውስጥም ቅማሉ። እ.ኤ.አ. በ1909 ይህንኑ በሙከራ አረጋገጠ፤ በ1928 ኖቤል ተሸለመበት። ግርሻ የሚባለው ትኩሳትም የሚመጣው በዚያው በልብስ ቅማል ነው፤ ክረምት ላይ የሚበረታውም ብርዱ ራሱ ስለሚያሳምም ሳይሆን ብርዱን የምንሸሽበት መንገድ ስለሚያሳምም ነው። አንድ ክፍል ውስጥ እንታጨቃለን፣ ልብስ በልብስ ላይ እንደርባለን፣ «ዛሬ አይደርቅም» እያልን ሳናጥብ እንከርማለን፣ ገላችንንም «ብርድ ይመታናል» ብለን እናልፈዋለን። አንድ ጋቢ ለሦስት እንግዳ ተራ በተራ ይሰጣል። ደግነቱ ለቅማሉም ይተርፋል። ልብሱ ባይደርቅ እንኳ የጋለ ካውያ በስፌቱ ላይ ማሳለፍ ቅማሉንም እንቁላሉንም ይጨርሳል።

በዚያ ላይ ውኃው አለ። ከሰማይ የሚወርደው ተርፎ መንገድ በሚያጥለቀልቅበት ወር ቧንቧው ደረቅ መሆኑ የከተማችን ቀልድ ነው። ጎርፉ የመጸዳጃ ጉድጓዱን ገልብጦ ያመጣል፤ የተሰነጠቀ ቧንቧ ግፊቱ ሲወርድ የዙሪያውን ቆሻሻ ይስባል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሁሉም ሰው እጁን በሳሙና ሲታጠብ፣ ውኃ ሲያፈላ፣ ጥሬ ሰላጣ ሲሸሽ ነበር። መስከረም ሲጠባ ሳሙናው ወደ ቦታው ተመለሰ። ጉንፋንም ሆነ ታይፎይድ ሳሙናን እኩል ይጠላሉ፤ ሐኪሞች ለመታጠብ ቢያንስ 20 ሰከንድ ያስፈልጋል ይላሉ። እኛ ከምሳ በፊት ጣታችንን የምናርስበት ጊዜ ግን የፎቶግራፍ ብልጭታ ያህል ነው።

ወደ ጓዳ ስገባ ከእናቴ ጋር እታረቃለሁ። የጦስኝ ሻይዋን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ዝንጅብሉ ጉሮሮ ያሞቃል። ማር ሳል ማስታገሱን ጥናትም ደግፎታል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ጨርሶ አይሰጥም፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ጀርም ለእንዲህ ያለው ሕፃን አንጀት መርዝ ያመርታል። ፌጦ በሎሚ ታሽቶ የቀረበለት ሰው አፍንጫው ቢከፈት አይደንቅም፤ ዓይኑም ይከፈታል። የባሕር ዛፍ እንፋሎትም ያቀላል፤ ትንንሽ ልጆችን ግን የፈላ ድስት ላይ አስጎንብሶ ብርድ ልብስ ማልበስ በቃጠሎ ያስቀጣል። አረቄን በተመለከተ ወዳጆቼን ማሳዘኔ ነው። አንድ መለኪያ ሲወርድ የሚሰማው ሙቀት እውነት ነው፤ የሚመጣው ግን የቆዳ የደም ሥሮች ሲሰፉ ነው። ጠጪው የውስጡን ሙቀት ወደ ቆዳው አውጥቶ ለነሐሴ አየር ያድለዋል። ለብርድ ብሎ የጠጣ ሰው ብርዱን ነው የጋበዘው።

አንዱን ነገር ግን ያለ ቀልድ ልናገር። ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ፣ አጠገቡ የሚተኛ ቤተሰብ ጧት ላይነሳ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ራስ ምታቱን ሰው ድካም ይለዋል፤ ይተኛል። በየክረምቱ እንዲህ ያለ ዜና እንሰማለን። ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል ማለት መርዙ አልቋል ማለት አይደለም። ማንደጃው ከመኝታ በፊት ደጅ ይውጣ። ብርዱ አይገድልም፤ ይህ ይገድላል።

የቀረኝ ጠያቂ ነው። እኛ አገር የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም። ተራ ጉንፋን እንኳ ቢሆን ዕድር፣ ማኅበርተኛ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ፣ የጥንት ጎረቤት ይመጣል። ይህን ፍቅር በምንም አልለውጠውም። ነገር ግን አመጣጡን እዩት። ጠያቂው ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ፣ ከወደደ አራት ጊዜ ይስማል። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ዐሥራ ሁለት ሰው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቡና ይጠጣል። «አፍህ መሮህ ነው፣ እምቢ አትበል» ተብሎ ታማሚው ይጎረሳል፤ እሱም ለአክብሮት መልሶ ያጎርሳል። ማታ ጠያቂው የወሰደውን ይዞ ወደ ሌላ ሰው ጥየቃ ያልፋል። እጁ ሊጥ ወይም ውኃ የነካው ሰው ክንዱን አቀብሎ ሰላም የሚልበት ጨዋ ልማድ ግን አለን፤ ዓለም በኮቪድ ጊዜ ክርኑን ሲዘረጋ እኛ እናውቀው ነበር። ለሊጥ ያደረግነውን ለንፍጥ ብናደርገው ማንም አይቀየመንም።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ ሹራባችሁን ልበሱ፤ እናት ማሳዘን አይገባም፤ ለዚያውም በከፊል ረትታለች። የታመመ ሰው ስትጠይቁ ግን መጀመሪያ መስኮቱን ክፈቱ፤ አስታማሚዎቹ ከተቆጡ እኔ አዝዣችሁ ነው በሉ። እናንተው ራሳችሁ እያሳላችሁ ከሆነ ደግሞ አትምጡ። ደውሉ። ብርቱካኑን በልጅ ላኩ። ቀርተሃል ብሎ የሚቀየም ታማሚ ካለ ስልኩን ስጡኝና እኔ አስረዳዋለሁ።